ወደ ሶቆጥራ ልሂድ ወይስ ልተው?

(ለአንድ አድማጫችን ጥያቄ በሬዲዮ ፕሮግራማችን የተሰጠ ምላሽ)

ለዛሬ ከወትሮው ለየት ያለ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ጥያቄውን የላከልን አቡ ዳቢ በሥራ ላይ የሚገኝ አንድ ወጣት ወንድማችን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ሠርቶ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ ጥቂት ገንዘብም አጠራቅሟል። ወደ ሀገር ቤት የሚመጣው ለዒድ በመሆኑ ይህቺን ሳምንት ሶቆጥራ ደሴትን አይቶባት ለመመለስ አስቧል። ፎቶዋን በጓደኞቹ ስልክ ላይ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። በሌላ በኩል ደግሞ እናቱ ወሎ ውስጥ ቤት እያሠሩ ነው። «ይህን ገንዘብ ደሴት ለማየት ባወጣው ኢስራፍ ይሆንብኛል ወይ? ሄጄ የማየውስ ነገር ፎቶው የሚያሳየውን ያህል ነው ወይ?» ይለናል። በደብዳቤው መጨረሻ ሌላ ትንሽ ጥያቄ ጨምሯል፤ እሷን ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ወንድማችን የሰው ዕዳ ያለበት ከሆነ ወይም ጣሪያው ሳይከደን በእናቱ ላይ ክረምት ሊገባባቸው ከሆነ ቆርቆሮው ይቀድማል፤ ደሴቲቱ የትም አትሄድም። ይህን ከተወጣ በኋላ ግን በሐላል ላቡ ባገኘው ገንዘብ፣ ሶላቱን ጠብቆ፣ የአላህን (ሱ.ወ.) ፍጥረት አይቶ ለመመለስ ቢነሳ ማን ኢስራፍ ይለዋል? ከአንዱ የገበያ አዳራሽ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ሳምንቱን የሚጨርስ ሰውም ኪሱ ባዶ ሆኖ ሲመለስ እናያለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰፋ ያለ ምላሽ ይፈልጋል። እኛም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ከአራት ወንድሞች ጋር ሆነን ከዚያው ከአቡ ዳቢ ተነስተን ደሴቲቱ ላይ አንድ ሳምንት ቆይተናል። ስለዚህ ከመጽሐፍ ያነበብነውንና በዓይናችን ያየነውን አዳምረን እንነግራችኋለን።

ሶቆጥራ የየመን ግዛት ናት። ካርታ ላይ ስትታይ ግን ከየመን ይልቅ ወደ እኛ ወደ አፍሪካ ቀንድ ትቀርባለች። ከሶማሊያው የጓርዳፉይ ጫፍ በስተ ምሥራቅ ወደ 240 ኪሎ ሜትር፣ ከየመን የባሕር ዳርቻ ደግሞ ወደ 380 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ርዝመቷ ወደ 130 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቷ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እሳተ ገሞራ ያወጣት ደሴት አይደለችም፤ የዓረብ ምድርና አፍሪካ ሲለያዩ በመካከል ተቆርጣ የቀረች ቁራሽ መሬት ናት። ይህ የሆነው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በላይዋ የቀሩት ዕፅዋትና እንስሳት ከሌላው ዓለም ተነጥለው በመኖራቸው ዛሬ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሆነዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ከ825 የዕፅዋት ዓይነቶቿ መካከል 37 በመቶው፣ በደረታቸው ከሚሳቡት እንስሳት 90 በመቶው፣ በየብስ ላይ ከሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች ደግሞ 95 በመቶው የእሷ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ሱብሓነላህ! የዱባና የቅል ወገን የሆነ ተክል ግንድ አውጥቶ፣ ወፍራም ዛፍ ሆኖ የሚታየው እዚያ ነው።

ወንድማችን ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት የነፋሱን ነገር ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ደሴቲቱን ይይዛታል። በእነዚህ ወራት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ አሸዋው ጎትተው ያወጣሉ። በቀድሞው ዘመን ወደ ደሴቲቱ የሚደርስም ሆነ ከእሷ የሚወጣ መርከብ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሶቆጥራ ሰው ዱቄቱንና ሩዙን አስቀድሞ አከማችቶ የሚቀመጠው ለዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 አውሮፕላን ማረፊያው ከተሠራ ወዲህ ይህ መነጠል ቀለል ብሏል፤ ነፋሱ ግን ያው ነፋስ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ በእነዚያ ወራት ከሆነ ይተወው። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ይሻላል። በኖቬምበርና በዲሴምበር ዝናብ ሊያገኘው ይችላል፤ ምድሩ የሚለመልመውም ያኔ ነው።

ዋና ከተማዋ ሐዲቦ ትባላለች። እውነቱን እንናገርና ሐዲቦን በፎቶ አይቶ የሸፈተ ልብ የለም። በሰሜኑ ዳርቻ ከሐጅሂር ተራሮች ሥር የተቀመጠች፣ መንገዷ አቧራማ፣ ፍየሎች ከሱቅ ደጃፍ ካርቶን የሚበሉባት ከተማ ናት። ተራሮቹ ወደ 1,500 ሜትር ከፍ ይላሉ፤ ጫፋቸው እንደ ጥርስ የሾለ ድንጋይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደመና ይጠመጠምባቸዋል። የመህራ ሱልጣኖች እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ ደሴቲቱን የሚያስተዳድሩት ከዚህችው ከተማ ነበር። ብዙ ጎብኚ ሐዲቦን ለማረፊያ ብቻ ይጠቀምባትና ይሸሻታል። እኛ ግን የጁሙዓ ሶላታችንን እዚያው ሰገድን። ከሶላት በኋላ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ ለመስማት ጆሯችንን ብናዘነብል አንዲት ቃል አልያዝንም። ሶቆጥሪ ይባላል። ከዓረብኛ የተለየ፣ ከመህሪ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ፣ እንደ ግዕዝና አማርኛ ሁሉ ከሴም ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በጽሑፍ ሳይሆን በቃል፣ በተለይም በግጥም ነው። እንግዳ መሆናችንን ሲያዩ ወዲያው ወደ ዓረብኛ ዞሩልንና ለምሳ ጠሩን።

በምዕራቡ ጫፍ ያለችው ሁለተኛዋ ከተማ ቀላንሲያ የዓሣ አጥማጆች ናት። የከተማዋ ጽዳት ሠራተኞች ጥንብ አንሳዎች ናቸው ብንላችሁ አትሳቁ። ነጭ ላባ፣ ቢጫ ፊት ያለው ጥንብ አንሳ በሌላው ዓለም ቁጥሩ እየተመናመነ ሲሆን በሶቆጥራ ግን እንደ ዶሮ በሰው መካከል ይንጎራደዳል፤ የዓሣውን አንጀት እየለቀመ ሰፈሩን ያጸዳል። ሕዝቡ ስለሚጠቅመው አይነካውም፤ እሱም ሰው አይፈራም። ምሳችንን ዘርግተን ስንቀመጥ አራት ያህሉ መጥተው ከበቡን፤ ከወንድሞቻችን አንዱ ቢስሚላህ ብሎ እጁን ወደ ሳህኑ እስኪሰድ አንደኛው ቀድሞት ነበር።

ከቀላንሲያ አጠገብ ደትዋህ የሚባለው ቦታ አለ። ባሕሩ ነጩን አሸዋ አልፎ ወደ የብስ ገብቶ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ኩሬ ሠርቷል። የኩሬው ቀለም እንደ ማዕበሉ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የራምሳር ስምምነት ከተመዘገቡ እርጥብ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ለዓሣ ጫጩቶች ማደጊያ ስለሆነ መኪና በአሸዋው ላይ መንዳት፣ ከውሃው ዛጎልም ሆነ ሌላ ነገር ማውጣት ክልክል ነው። ከዚያ በጀልባ ወደ ሹዓብ ዳርቻ ሲኬድ ዶልፊኖች አጅበው የሚሸኙበት ቀን አለ፤ እኛ በሄድንበት ቀን አጅበውናል፤ አልሐምዱሊላህ።

ከባሕር ዳርቻዎቹ ሁሉ ልባችን የቀረው ግን በምሥራቅ ባለው በአርሀር ነው። ነፋሱ ከባሕሩ ያነሳውን ነጭ አሸዋ እየገፋ ገደሉ ላይ ስለሚያስደግፈው አሸዋው ከተራራው ወገብ ይደርሳል። ከዚያው ተራራ ሥር ደግሞ ጣፋጭ የምንጭ ውሃ ወጥቶ አሸዋውን ሰንጥቆ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። የፈጅር ወቅት ሲገባ ከድንኳናችን ወጥተን፣ ጨዋማው ባሕር ከእግራችን ጥቂት እርምጃ ርቆ እየጮኸ፣ በጣፋጩ ውሃ ዉዱእ አደረግን። ስለዚያች ንጋት ከዚህ በላይ ብንናገር ማጋነን ይመስልብናል። የቂብላውን ነገር ግን ወንድማችን ልብ ይበል። ከአዲስ አበባ ሲሰገድ ወደ ሰሜን፣ ከአቡ ዳቢ ወደ ምዕራብ ይዞራል። ሶቆጥራ ላይ ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ከእኛ አንዱ በለመደው በኩል ዞሮ ሊያሰግደን ሲል የመኪናችን ሹፌር ትከሻውን ይዞ አስተካክሎታል።

አሁን ወደ ፓርኮቹ እንምጣ። ወንድማችን ፓርክ ሲባል በር፣ ቲኬት ቆራጭና የታጠረ ሜዳ እጠብቃለሁ ካለ ተሳስቷል። የየመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ደሴቲቱን በቀጠና የሚከፍል ዕቅድ በአዋጅ ሲያጸድቅ አብዛኛውን ምድሯን በብሔራዊ ፓርክነት መድቦታል። በፓርኩ ውስጥ ግን መንደር አለ፣ መስጊድ አለ፣ የቴምር እርሻ አለ፣ በየሸለቆው እረኛ አለ። ለጎብኚ ባዶ የሚመስለው እያንዳንዱ ተዳፋት ባለቤቱ በጎሳ የታወቀ ነው። ማን የት እንደሚያግጥ፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀዳ፣ የቱ ዛፍ የማን እንደሆነ በሽማግሌዎች ስምምነት የተደነገገ ነው። ስለዚህ ድንኳን የሚተክል ሰው በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ተክሏል ማለት ነው። ዲሐምሪ በሚባለው የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ኮራሉን ለማየት የሚከፈለውን የሚቀበሉት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ጠባቂዎቹም እነሱው ናቸው። መረብና መልሕቅ ኮራሉን እንዳይሰብረው የሚከላከሉትም ዓሣቸው ከዚያ እንደሚራባ ስለሚያውቁ ነው።

ወደ ዲክሰም አምባ ሲወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚመጣለት ዛፍ ይታያል። ዓረቦች ደሙል አኸወይን፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ደም ይሉታል። ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ደማቸው በፈሰሰበት በቀለ የሚል ተረት አለው። ቅርፊቱ ሲበጣ የሚወጣው ሙጫ ደም ይመስላል፤ ከጥንት ጀምሮ ለቀለምና ለመድኃኒት ይሸጥ ነበር። መልኩ ነፋስ የገለበጠው ጃንጥላ ነው። ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ ተዘርግተው አናቱ ላይ ሾጣጣ ቅጠሎች ተሰድረዋል። ቅርጹ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ደረቅ አምባ ላይ ዝናብ ጥቂት ነው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ጉም ግን ይበዛል። ቅጠሎቹ ጉሙን ያጠምዱታል፤ ጠብታው በቅርንጫፉና በግንዱ ወርዶ ሥሩን ያጠጣል። ጥላው ደግሞ መሬቱን ከፀሐይ ስለሚጋርደው ሌሎች ትንንሽ ተክሎች ሥሩ ይበቅላሉ። አንድ ዛፍ ሲወድቅ የሚደርቀው እሱ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ፈርሚሂን የሚባለው የእነዚህ ዛፎች ትልቁ ጫካ ውስጥ ስንገባ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ፎቶ ስናነሳ ቆየን። ከዚያ ሹፌራችን (በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው ነበሩ፤ እኛም «ያ ዐም» እያልን እንጠራቸው ነበር) «ልጆቹን አያችኋቸው?» ብለው ጠየቁን። ሕፃናት ያሉ መስሎን ዙሪያውን ተመለከትን። እሳቸው ግን ስለ ዛፎቹ ልጆች ነበር የሚጠይቁን። በዚያ ሁሉ ጫካ ውስጥ ጉልበታችን የሚደርስ ችግኝ ፈልገን አጣን። የቆሙት ሁሉ ሽማግሌዎች ናቸው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ዛፉ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ ዕድሜው በመቶ ዓመታት ይገመታል። ለጋ ችግኝ ከመሬት ብቅ ሲል ፍየል ይበላዋል፤ ከፍየል አፍ ለማምለጥ ብዙ ዓመት ያስፈልገዋል። ቀድሞ መንጋው በየወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ ይዘዋወር ስለነበር መሬቱ ያርፍ ነበር፤ አሁን ያ ሥርዓት ላልቷል። ጉሙና ዝናቡም እንደ ድሮው አይደለም። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ቻፓላና መግ የተባሉ ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች በአንድ ሳምንት ልዩነት መጥተው በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን ከሥራቸው ነቅለው ጣሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ደግሞ መኩኑ የተባለው ተከተለ። የወደቁት ግንዶች እኛ በሄድንበት ጊዜም እዚያው ተጋድመው ነበር። ልጅ የሌለው ጫካ ሽማግሌው በወደቀ ቁጥር ይሳሳል። ይህ ዛፍ በእኛም ሀገር ዘመድ አለው። በትግራይና በአፋር መካከል ባለው በደሳእ ደን ዳርቻ የሚበቅለው ወገኑ በተመሳሳይ ችግር እየጠፋ ነው፤ ሶቆጥራ ድረስ ሄደው ያዩትን ወገኖች ስናገኝ ይህን እንነግራቸዋለን፤ አብዛኛው ሰው አያውቀውም።

ደሴቲቱ ላይ አንዳንድ ቤተሰቦች በአጥር ውስጥ ችግኝ እያፈሉ ነው። አንዱን ጎበኘን። ችግኞቹ ከሽንኩርት አይበልጡም፤ ዕድሜያቸው ግን ዓመታት ተቆጥሮበታል። ጎብኚ እዚያ ሄዶ ጥቂት ገንዘብ ቢሰጥ ትርፉ ለአጥሩ ሽቦ ይውላል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ሆምሂል በሚባለው ጥብቅ ሥፍራ ከድንጋዩ መካከል የበረሃ ጽጌረዳ በቅሎ ነበር፤ ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠ፣ አናቱ ላይ ሐምራዊ አበባ ያለው። ከወንድሞቻችን አንዱ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ትንሽዬ ችግኝ አየና ነቅሎ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አስገባት። ቤቱ በረንዳ ላይ ሊተክላት ነበር ሐሳቡ። መኪና ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደተጓዝን ሹፌሩ ሞተሩን አጠፉና ዝም ብለው ተቀመጡ። «ያ ዐም፣ ምን ሆነ?» ብንላቸው በዝግታ እንዲህ አሉ፦ «ያ ሸይኽ፣ ኤርፖርት ላይ ቢገኝባችሁ እናንተ እንግዳ ናችሁ፤ የሚጠየቀው ያመጣችሁ ሰው ነው። ባይገኝባችሁም ከነገ ወዲያ ሌላ መኪና ይመጣል፤ እሱም አንድ ይነቅላል።» ወንድማችን አፈረ፤ እኛ የበለጠ አፈርን፤ ሲነቅል እያየን ዝም ብለን ነበርና። ተመልሰን ከነበረችበት ስንጥቅ ተከልናት። ትያዝ፣ አትያዝ አላህ ያውቃል።

ይህን የተናገርነው እኛ ሙስሊሞች «እንግድነታችን በወንድሞቻችን ሀገር ነው» ብለን የምንዘናጋበት ነገር ስላለ ነው። ደትዋህ አጠገብ በዓሣ አጥማጆች ፊት ልብሱን አውልቆ የሚዋኘውን የውጭ ሰው አይተን አዝነናል። ሰዎቹ ሐያእ ይዟቸው አንገታቸውን ከመድፋት በቀር ምንም አይሉም። ነገር ግን በዚያው ቀን የበላንበትን የፕላስቲክ ሳህን ነፋሱ ሲወስድብን ተነስተን ያልተከተልነው እኛው ነን። ሐዲቦ አጠገብ ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ የተከማቸው ቆሻሻ ከየት እንደመጣ አንጠይቅም። ወንድማችን ቆሻሻውን በከረጢት ይዞ ይመለስ። ሴቶችን ፎቶ አያንሳ፤ ወንዶችንም ጠይቆ ያንሳ። ከቤተሰቡ ጋር የሚሄድ ከሆነ ራቅ ያሉ ዳርቻዎች ስላሉ ባለቤቱና እህቶቹ ሒጃባቸውን ጠብቀው የሚዝናኑበት ቦታ አያጣም።

አንድ ቀን ለሆቅ ዋሻ ይመድብ። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከባሕሩ ተነስቶ አቀበቱን አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት መውጣት ይጠይቃል። የዋሻው አፍ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ ግን ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ጨለማው ድቅድቅ ነው፤ መብራት ከሌለ እጅ አይታይም። ከ20 ዓመታት በላይ በፊት የቤልጂየም ዋሻ አጥኚዎች ጥልቁ ላይ ሲደርሱ በግድግዳውና በወለሉ ላይ ከ200 በላይ ጽሑፎችን አገኙ። በግድግዳው ላይ ስማቸውን የተዉት ከኢየሱስ (ዐ.ሰ.) ልደት በፊት ካለው መቶ ዓመት አንስቶ እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በዚህ ያለፉ ባሕረኞችና ነጋዴዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሕንዳውያን ናቸው፤ ዛሬ ጉጃራት በሚባለው ክፍል ካለችው ከባሩካቻ ወደብ የመጡም አሉባቸው። የደቡብ ዓረቢያና የግሪክ ጽሑፍም አለ። ከሶሪያዋ ከፓልሚራ የመጣ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ258 የጻፈው የእንጨት ሰሌዳም ተገኝቷል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፉም አሉ። ከአክሱም ዘመን ወገኖቻችን እዚያ ደርሰው ነበር ማለት ነው። አቡ ዳቢ ላይ ኢቃማውን ኪሱ ይዞ ለሚኖር ወንድማችን ይህ የሚነግረው ነገር ያለ ይመስለናል።

እነዚያ ሰዎች ወደ ሶቆጥራ የመጡት ለሽርሽር አልነበረም። እጣኗን፣ እሬቷንና የደም ሙጫዋን ፈልገው ነው፤ ነፋሱ እስኪዞርላቸውም ወራት ይቆዩ ነበር። እጣን የሚሰጡ ዛፎች እዚያ በብዙ ዓይነት ይገኛሉ። ዋሻው ውስጥ ዛሬ የተዘረጋው ምልክት ከሚያሳየው መንገድ መውጣት፣ ከግድግዳው ላይ እጅ ማሳረፍ አይፈቀድም። የጥንቶቹ በጽሑፋቸው ታሪክ ትተውልናል፤ እኛ ዛሬ ስማችንን ብንጽፍበት ግን የምናጠፋው የእነሱን ነው።

ስለ መንገዱ አደጋ ሳንናገር ብንጨርስ አማናችንን አልተወጣንም። ሶቆጥራ ጦርነቱ ከነደደባቸው የየመን ከተሞች ርቃ ብትገኝም ከፖለቲካው አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 የደቡብ ሽግግር ምክር ቤት ኃይሎች ያዟት። እ.ኤ.አ. በ2026 መጀመሪያ ላይ በየመን በተፈጠረው ግጭት በረራ ተቋርጦ በመቶ የሚቆጠሩ የውጭ ጎብኚዎች ደሴቲቱ ላይ ለቀናት ቀርተዋል። ብዙ መንግሥታትም ዜጎቻቸው ወደ የመን እንዳይሄዱ ያስጠነቅቃሉ፤ በዚህ የተነሳ መድን የማይከፍልበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ ወንድማችን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት በረራው ከየት እንደሚነሳ፣ ቪዛውን ማን እንደሚሰጥ፣ ሳምንት ቢዘገይ አሠሪው ምን እንደሚለው በዚያው ሳምንት ይጠይቅ፤ ባለፈው ዓመት የሄደ ጓደኛ የነገረውን አይያዝ። በካርድ መክፈል ስለማይታሰብ ጥሬ ገንዘብ ይያዝ። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከበቂ በላይ ይያዝ፤ ሕክምናው ውስን ነው። አስጎብኚና ሹፌር ሲይዝ የደሴቲቱን ልጅ ይምረጥ። ስለ ሙሳፊር ሶላት የሚጠይቅ ከሆነ አራት ረከዐውን ሁለት አድርጎ ያሳጥራል፤ አምባው ላይ ውሃ ካጣም ተየሙም አለው።

የቀረችው ትንሿ ጥያቄ ናት። «እናቴ ከደሴቲቱ ምን አመጣላቸው?» ይላል። ዛጎል አይውሰድላቸው፣ ዘርም ሆነ ችግኝ አይውሰድላቸው። ሐዲቦ ገበያ ውስጥ ሴቶቹ ራሳቸው የሰበሰቡትን የደም ሙጫና እጣን በትንሽ በትንሽ ቋጥረው ይሸጣሉ፤ የሶቆጥራ ማርም አለ። እኛ እጣኑን ገዝተን ነበር። ሽታው ወሎ ውስጥ ቡና ሲፈላ ከሚጨሰው ትንሽ ይለያል፤ እናቱ ይወዱታል ብለን እንገምታለን። ዋጋውን ግን አይከራከር።

ለሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።